ካመኑ በኋላ፦ እምነት፣ ቁርጥ ሐሳብና ጤና በአምቦና በምዕራብ ሸዋ ከተሞች

በጤና ጣቢያ ሪፖርቶችም ሆነ በመመረቂያ ጽሑፎች ማጠቃለያ ላይ ደጋግሞ የሚመጣ አንድ ዐረፍተ ነገር አለ፤ «ችግሩ የኅብረተሰቡ የግንዛቤ ማነስ ነው» የሚል። እናት ቤቷ ስትወልድ፣ ሕፃን ክትባት ሲያቋርጥ፣ የደም ግፊት ታማሚ መድኃኒቱን ሲተው፣ በባኮ ቆላ አጎበሩ ሳይዘረጋ ሲያድር የሚሰጠው ምክንያት ይኸው ነው። ምክንያቱ አንድ ስለሆነ የሚታዘዘውም መፍትሔ አንድ ነው፤ ግንዛቤ ማስጨበጥ። ከዚህ አባባል ጀርባ ያለው ንድፈ ሐሳብ ግን ቀላል አይደለም። የሰው ድርጊት ከቁርጥ ሐሳቡ ይወጣል፣ ቁርጥ ሐሳቡ ደግሞ ከእምነቱ፤ ስለዚህ እምነቱን የለወጠ ድርጊቱን ይለውጣል ይላል። ይህ ዳሰሳ ሐሳቡ ከየት እንደመጣ፣ ምን ማስረጃ እንደቆመለት፣ ምን እንደተነሣበትና ከጊንጪ እስከ ባኮ ባለው የምዕራብ ሸዋ መንገድ ላይ ምን ያህል እንደሚሠራ ይመረምራል። የጸሐፊው አቋም ከወዲሁ ይታወቅ፦ እምነት ሰውን ወደ ጤና ተቋም የመጀመሪያ ደጃፍ ያደርሳል፤ በዚህ አካባቢ ብዙ የሚባክነው ግን ሰው ካመነና ካሰበ በኋላ ነው። ይህን የሳተ ሥራ አምነው የመጡትን ሰዎች መልሶ ስለ እምነት ሲያስተምር ይኖራል።

ከኤክስሬይ መኪና የተነሣ ጥያቄ

ጥያቄው በዘመናዊ መልኩ የተነሣው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ናቸው)። የአገሪቱ የሕዝብ ጤና አገልግሎት የሳንባ ነቀርሳን አስቀድሞ ለመለየት ኤክስሬይ የጫኑ መኪኖች አሰማራ። ምርመራው በነፃ ነበር፣ መኪናውም ሰዉ ካለበት ድረስ ይሄዳል፤ ሆኖም ብዙ ሰው ሳይመረመር ይቀር ነበር። የማኅበራዊ ሥነ ልቦና ባለሙያዎቹ ጎድፍሬይ ሆክባም፣ ኧርዊን ሮዘንስቶክና ባልደረቦቻቸው ምክንያቱን ለማወቅ ተነሡ። ሆክባም በ1958 ባወጣው ጥናት በሦስት ከተሞች ከ1,200 በላይ አዋቂዎችን አነጋግሮ ነበር። «እኔም ልያዝ እችላለሁ» እና «ሳያመኝ በፊት ቢታወቅልኝ ይጠቅመኛል» የሚሉትን ሁለቱንም እምነቶች ከያዙት መካከል 82 በመቶው በፈቃዳቸው ኤክስሬይ ተነሥተዋል፤ አንዱንም ካልያዙት መካከል የተነሡት 21 በመቶ ብቻ ናቸው። ከዚህ ሥራ የወጣው «የጤና እምነት ሞዴል» ሰው አንድን ነገር ለጤናው የሚያደርገው ለበሽታው መጋለጡን፣ የበሽታውን ክፋት፣ የድርጊቱን ጥቅምና የሚጠይቀውን ዋጋ አመዛዝኖ፣ ቀስቃሽ ነገር ሲያገኝ ነው ይላል። አልበርት ባንዱራ በ1977 «እችላለሁ ባይነት» የሰውን ድርጊት እንደሚወስን ካሳየ በኋላ፣ በ1988 ይህም በሞዴሉ ውስጥ ገባ።

በሌላ በኩል ማርቲን ፊሽባይንና አይሴክ አይዘን በ1975 የበለጠ ጥብቅ ሐሳብ አቀረቡ። ለእነርሱ ለድርጊት ቅርብ የሆነው ቁርጥ ሐሳብ ነው። ቁርጥ ሐሳብ የሚገነባው ሰውዬው ስለ ድርጊቱ ካለው አመለካከትና «የማከብራቸው ሰዎች ምን ይጠብቁብኛል» ከሚለው ግምቱ ነው። አይዘን በ1980ዎቹ አጋማሽ ሦስተኛ ነገር ጨመረ፤ ድርጊቱ በእጄ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ግምት። ይህ ጭማሪ ከባድ ቁም ነገር ይዟል፤ ሰውዬው ነገሩን በእጁ ካላደረገ ቁርጥ ሐሳቡ ብቻውን ድርጊቱን አይተነብይም ማለት ነውና። በአገራችን የጤና ሳይንስ ትምህርት ክፍሎች፣ አምቦ ዩኒቨርሲቲን ጨምሮ፣ እነዚህ ሁለት ንድፈ ሐሳቦች የመጠይቅ መሠረት ሆነው ያገለግላሉ። «እስማማለሁ»፣ «በጣም እስማማለሁ» የሚሉት ሣጥኖች የመጡት ከዚያ ነው።

ስለ መነሻው ሁለት ነገር ልብ ማለት ያሻል። አንደኛው፣ ሆክባም ሰዎቹን ስለ እምነታቸው የጠየቀው ኤክስሬዩን ከተነሡ በኋላ ነው። የተመረመረ ሰው ምርመራ ይጠቅማል ማለቱ አያስደንቅም፤ እምነቱ ድርጊቱን ያምጣው ወይስ ድርጊቱ እምነቱን፣ ቁጥሩ አይለይም። ሁለተኛው ይበልጥ ያሳስባል። ንድፈ ሐሳቡ የተወለደው ዋጋና ርቀት አስቀድመው ከተነሡበት ቦታ ነው። ምርመራው ነፃ፣ መኪናው ቅርብ ከሆነ ለመቅረት የቀረው ምክንያት ከሰዎቹ አእምሮ ውስጥ መፈለጉ ተገቢ ነበር። በቃሬዛ ተሸክመው መኪና መንገድ እስኪያደርሷት ሰዓታት የሚቆጠሩባት እናት ጋ ያው መጠይቅ ሲደርስ ግን ከአእምሮዋ ውጭ ያለውን ነገር ሁሉ «እንቅፋት» በምትባል አንዲት ሣጥን ውስጥ ይጨምቀዋል።

ከመጠይቁ በፊት

አምቦ ስለ ጤና ማመንን ከመጠይቅ አልተማረችም። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ሀገረ ሕይወት ትባል የነበረችው ከተማ ፍል ውሃዋ ቁርጥማትና የቆዳ ሕመም ያለባቸውን ሲስብ የኖረች ናት፤ ለጨጓራ ይበጃል የሚባለው የማዕድን ውሃዋም ከ1930 ጀምሮ በጠርሙስ እየታሸገ ይሸጣል። የሜጫ ኦሮሞን የቃሉ (የባህላዊው ሃይማኖት መሪ) ተቋም ያጠናው ስዊድናዊው የሥነ ሰብ ተመራማሪ ካርል ኤሪክ ክኑትሰን በ1967 ባሳተመው ሥራ ስለት፣ ዳኝነት፣ እርቅና ፈውስ በአንድ ደጅ የሚገናኙበትን ሥርዓት ገልጿል። በዚህ አኳኋን ሕመም የአንድ ሰው አካል ብቻ ጉዳይ አይደለም፤ ቤተሰቡም፣ ጎረቤቱም፣ ዋቃም ያሉበት ነው። የኦርቶዶክስ ጠበል፣ የፕሮቴስታንት የፈውስ ጸሎት፣ የእስልምና ሩቅያ በየራሳቸው መንገድ ከዚህ አይርቁም።

ከአሮጌው ልማድ ሁሉ ለዚህ ጥያቄ ብዙ የሚያስተምረው ኮሶ ይመስለኛል። በደጋው አገር ጥሬ ሥጋ የሚበላ ሰው የኮሶ ትሉን ለማስወጣት በየሁለት ወሩ ገደማ ኮሶ ይጠጣ ነበር፤ በ19ኛው መቶ ዘመን ወደ አገራችን የመጡ አውሮፓውያን መንገደኞች ደጋግመው ጽፈውታል። የዛፉ አበባ ደርቆ ይወቀጣል፣ በውሃ ይበጠበጣል፣ በጠዋት በባዶ ሆድ ይጠጣል። ጣዕሙ መራራ ነው፣ ያቅለሸልሻል፣ የዕለቱን ሥራ ያስፈታል። በጤና እምነት ሞዴል ሚዛን ብናየው የሚያስከፍለው ዋጋ ከባድ ነው፤ ሆኖም ባላገሩም መኳንንቱም ዓመት እስከ ዓመት ጠጥቶታል። ጠጪው በየሁለት ወሩ ለትሉ መጋለጡን እንደ አዲስ አመዛዝኖ አልነበረም። ጊዜው የታወቀ ነው፤ ቤተሰቡ ያዘጋጃል፤ «ኮሶ ጠጥቷል» ከተባለ ከሥራ መቅረቱን ማንም አይጠይቀውም። እምነቱ ነበረ፤ እምነቱን ከዓመት ዓመት ያሻገረው ግን ቀን፣ ቤተሰብና ፈቃድ ያለው ልማድ ነው።

እምነት ሁሉ አንድ አይደለም

«የኅብረተሰቡ እምነት» ሲባል ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ይደባለቃሉ፤ ሕመሙ ከምን መጣ የሚለው፣ መድኃኒቱ ምን ይሠራል የሚለው፣ አካሚው ምን ዓይነት ሰው ነው የሚለው። ወደ ተግባር ያላቸው ርቀት እኩል አይደለም።

የሕመም መንስኤ እምነትን በቅርበት ለማየት የእግር እብጠትን እንውሰድ፤ በተለምዶ ዝሆኔ ከሚባሉት አንዱ የሆነውንና ሐኪሞች ፖዶኮኒዮሲስ የሚሉትን። ኤርነስት ፕራይስ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በ1970ዎቹ ኢትዮጵያ ውስጥ ባደረገው ምርምር በሽታው በትንኝ ሳይሆን ከእሳተ ገሞራ ዐለት በተገኘ ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር ለዓመታት በመሄድ እንደሚመጣ አሳየ። በ2015 የታተመው አገር አቀፍ የዳሰሳ ጥናት ከተመረመሩት አዋቂዎች 4 በመቶ ያህሉ ላይ አገኘው። በየደጋው ሕዝቡ ግን «በዘር የሚወርድ ነው» ይላል፤ ጤና ባለሙያውም ይህን ሲሰማ እንደ ኋላ ቀር እምነት ሊያርመው ይነሣል። ነገሩን ስናጠራው ሕዝቡ ግማሹን ልክ ነው። በወላይታ የተካሄደና በ2007 የታተመ ጥናት ለበሽታው ያለውን ተጋላጭነት 63 በመቶ ያህል ከዘር ጋር አያያዘው፤ በ2012 ፋሲል ተኮላ አየለና ባልደረቦቹ ተጋላጭነቱ ከተወሰኑ የበሽታ መከላከያ ጂኖች ጋር እንደሚገናኝ አሳዩ። ስሕተቱ ያለው «በዘር ነውና ጫማ አይረዳም» ብሎ መደምደሙ ላይ ነው። ከዘሩ የታመመ ሰው ያለበት ቤት እንዲያውም ከማንም ይልቅ ለልጆቹ ጫማ ያስፈልገዋል። እውነተኛ እምነት የተሳሳተ ድርጊት ሊወልድ ይችላል ማለት ነው፤ እንግዲህ ሊታረም የሚገባው ከእምነቱ ይልቅ ከእርሱ የተወሰደው መደምደሚያ ነው። መደምደሚያው ቢታረም እንኳ፣ በክረምት ጭቃ በሬ ጠምዶ የሚያርስ ገበሬ የሚችለው ጫማ፣ የሚገዛበት ገንዘብና እግሩን የሚታጠብበት ውሃ ጉዳይ ይቀራል።

ስለ መድኃኒት ያለው እምነት በከተሞች ጎልቶ የሚታየው በደም ግፊትና በስኳር ላይ ነው። ሃዋርድ ሌቨንታልና ባልደረቦቹ በ1985 ባሳተሙት የአሜሪካ ጥናት፣ የደም ግፊት ታካሚዎች «ሰው ግፊቱ ሲጨምር ሊያውቅ አይችልም» በሚለው 80 በመቶ ያህሉ ተስማምተው፣ ስለ ራሳቸው ሲጠየቁ ግን አብዛኞቹ «እኔ አውቀዋለሁ» አሉ። «ግፊቴ ተነሣ» ብሎ መድኃኒት የሚያነሣና ራሱን ሲሻለው የሚያቆም ሰው በአምቦም በጉደርም አዲስ አይደለም፤ ነጭ ሽንኩርትና ፌጦም አብረው ይመጣሉ። እዚህ ላይ እምነት በእርግጥ ይሠራል፤ መድኃኒት ቤቱ ቅርብ፣ ውሳኔው የዕለት፣ ክኒኑም በሰውዬው እጅ ነውና። ሐኪሙ «አይሰማህም» ሲለው የሚነግረው አጠቃላይ እውነት ነው፤ ሰውዬው የሚከተለው ደግሞ የራሱን አካል ነው። ስለዚህ ምክሩ ከአጠቃላዩ ወርዶ ለሰውዬው ራሱ፣ ሲሻለው የተለካው ግፊቱ ስንት እንደነበር እያሳየ ቢሰጥ ይሻላል።

በእምነትና በሕክምና መካከል ይታሰብ የነበረው ትልቁ ግጭት ደግሞ የጠበልና የኤችአይቪ መድኃኒት ነበር። የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በ2005 በነፃ መሰጠት ሲጀምር በእንጦጦና በሌሎች የጠበል ቦታዎች የነበሩ ብዙ ሕሙማን መድኃኒቱን መውሰድ ጠበሉን እንደ መካድ ይቆጠርብናል ብለው ይሰጉ ነበር። በ2007 ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ሁለቱን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናገሩ። በጠበል ያለው እምነት ሳይነካ መድኃኒት መውሰድ የተፈቀደ ሆነ። ከውጭ የእምነት ተቃርኖ የሚመስለው ከውስጥ የፈቃድ ጥያቄ ሆኖ ተገኘ። «በጠበል አትመን» ብሎ ማስተማር ምን ያህል ከንቱ ልፋት እንደሚሆን መገመት አይከብድም።

አንድ ተጨማሪ ማስረጃ በየግድግዳው በሚለጠፈው ፖስተር ላይ ጥያቄ ያስነሣል። ናንሲ ጃንዝና ማርሻል ቤከር በ1984 በጤና እምነት ሞዴል ላይ የተሠሩ 46 ጥናቶችን መርምረው፣ ከሁሉ ጠንካራው ሰዎች የሚያዩት እንቅፋት፣ ከሁሉ ደካማው የበሽታው ክፋት መሆኑን አገኙ። እኛ ዘንድ ግን በሽታውን አስፈሪ አድርጎ መግለጥ ገና የትምህርቱ ዋና ስልት ነው።

ሐሳብ የሚባክንበት ቦታ

አሁን ወደ ዋናው ማስረጃ እንምጣ። የ2016 የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንደሚያሳየው፣ ከ12 እስከ 23 ወር ዕድሜ ካላቸው ሕፃናት 73 በመቶው የመጀመሪያውን የፔንታቫለንት ክትባት ወስደዋል፤ ሦስተኛውን የወሰዱት 53 በመቶ ናቸው። የመጀመሪያው በ6 ሳምንት፣ ሦስተኛው በ14 ሳምንት ይሰጣል። በሁለቱ መካከል ስምንት ሳምንት አለ፤ በእነዚያ ስምንት ሳምንታት ከመቶ ሃያ ሕፃናት ጠፉ። የጠፉት ልጆች እናቶች ክትባትን አናምንም ያሉ አይደሉም፤ አንድ ጊዜ ልጃቸውን አዝለው መጥተዋል፣ መርፌውን ፈቅደዋል፣ ካርዱን ይዘው ተመልሰዋል። በነፍሰ ጡሮች ክትትልም ያው ነው፤ 62 በመቶ ቢያንስ አንድ ጊዜ ታይተዋል፣ አራት ጊዜ የታዩት 32 በመቶ፣ በጤና ተቋም የወለዱት 26 በመቶ ናቸው። በኦሮሚያ የመጨረሻው ቁጥር ወደ 19 በመቶ ይወርዳል። ክትትል የጀመረችን ሴት «ግንዛቤ የላትም» ማለት በራሷ እግር የመጣችበትን ቀን መካድ ነው።

ዓለም አቀፉ ምርምርም ይህንኑ ክፍተት በሌላ መንገድ ለክቶታል። ክሪስቶፈር አርሚቴጅና ማርክ ኮነር በ2001 185 ጥናቶችን አዋሕደው፣ የአይዘን ንድፈ ሐሳብ በቁርጥ ሐሳብ ላይ ከሚታየው ልዩነት 39 በመቶውን፣ በድርጊት ላይ ከሚታየው ደግሞ 27 በመቶውን እንደሚያብራራ አገኙ። ለማኅበራዊ ሳይንስ ይህ ትንሽ አይደለም፤ ቢሆንም ከድርጊቱ ልዩነት ብዙው እጅ ሳይብራራ ይቀራል። ቶማስ ዌብና ፓስካል ሺራን በ2006 የበለጠ ጠንካራ ፈተና አደረጉ። በሙከራ የሰዎች ቁርጥ ሐሳብ የተለወጠባቸውን 47 ጥናቶች መርምረው፣ ሐሳቡ ደህና አድርጎ ሲለወጥ ድርጊቱ የሚለወጠው የዚያን ግማሽ ያህል ብቻ መሆኑን አሳዩ። ፒተር ጎልዊትዘር ክፍተቱን ለመሙላት ያቀረበው ሐሳብ ቀላል ነው፤ ሰው «አደርጋለሁ» ከማለት አልፎ መቼ፣ የት፣ እንዴት እንደሚያደርግ አስቀድሞ ይወስን። አሜሪካ ውስጥ በአንድ ድርጅት ሠራተኞች ላይ በተደረገና በ2011 በታተመ ሙከራ የጉንፋን ክትባት የሚወስዱበትን ቀንና ሰዓት እንዲጽፉ የተጋበዙት ከ33 ወደ 37 በመቶ ከፍ አሉ። ጥቅሙ እውነት ነው፤ መጠኑ ግን መጠነኛ ነው፤ ያውም ክትባቱ በሥራ ቦታቸው በነፃ በሚሰጥበት ሁኔታ።

የእኛ የወሊድ ዝግጅት ዕቅድ የዚሁ ዘመድ ነው፤ የት እንደምትወልድ፣ በምን እንደምትሄድ፣ ማን እንደሚከተላት፣ ገንዘቡና ደም ሰጪው ከየት እንደሚመጡ ቀድሞ ይነገራታል። ልዩነቱ አሜሪካዊው ሠራተኛ ቀኑን ጽፎ ራሱ መሄዱ፣ የጀልዱ ወይም የጊንደበረት እናት ዕቅድ ግን አምቡላንሱ ነዳጅ መያዙን፣ መንገዱ በክረምት አለመቆረጡን፣ ስልኩ ኔትወርክ ማግኘቱን፣ ተሸካሚ ወጣቶች በሌሊት መገኘታቸውን የሚጠይቅ መሆኑ ነው። የአይዘን ሦስተኛ ነገር፣ ድርጊቱ በእጅ መሆኑ፣ እዚህ ላይ ከሥነ ልቦና ግምት አልፎ የነዳጅ ጉዳይ ይሆናል።

ሦስት ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው ተቃውሞ ከጥናቱ ራሱ ይመጣል። በ2011ዱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በጤና ተቋም ያልወለዱ ሴቶች ምክንያት ሲጠየቁ 61 በመቶው «አያስፈልግም»፣ 30 በመቶው «ልማዳችን አይደለም» አሉ። ታዲያ ይህ እምነት አይደለምን? ነው። ነገር ግን ያን ጊዜ በተቋም ወልደው የነበሩት 10 በመቶ ብቻ ናቸው፤ በ2016 26፣ በ2019 48 በመቶ ሆኑ። በስምንት ዓመት ውስጥ የአንድ ሕዝብ እምነት እንዲህ ተገለባብጦ ድርጊቱ ተከተለው ለማለት ይከብዳል። በእነዚያ ዓመታት ጤና ጣቢያ ተሠራ፣ አዋላጅ ተመደበ፣ ለወረዳዎች አምቡላንስ ታደለ፣ በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየቀበሌው ሁለት ሴት ባለሙያዎች አኖረ። ምክሩና አገልግሎቱ አብረው ስለመጡ የየድርሻቸውን መለየት አይቻልም፤ ይህን ማመን ተገቢ ነው። የማይደርስን ነገር «አያስፈልገኝም» ማለት ግን የሰው ሁሉ ጠባይ ነው፤ መልሱ እምነትን ብቻ ሳይሆን ተስፋ መቁረጥንም ይለካል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ጠንከር ይላል። መንገድና ገንዘብ ከሆነ ችግሩ፣ ያው ድሃ ገበሬ በሽተኛውን ይዞ ሩቅ ጠበል ቦታ ድረስ እንዴት ይሄዳል? ሳምንታት እንዴት ይከርማል? በእርግጥ እምነት ጉልበት ይሰጣል፤ ይህን የሚክድ የሕዝቡን ሕይወት አያውቅም። ሆኖም ጠበሉ እንዴት እንደተደራጀ ይታይ። መሄጃው ጊዜ በፈቃድ ይመረጣል፤ ቤተሰብ አብሮ ያድራል፤ ክፍያው ስለት ነው፣ ሲቻል የሚሰጥ፤ ያልዳነ አይገሠጽም፣ ዳግመኛ መምጣት ነውር የለውም። ምጥ ግን በሌሊት ይመጣል፣ ቀጠሮ አይሰጥም፤ የማዋለጃ ክፍሉም ባልን፣ እናትንና ጎረቤትን ደጅ ያስቀራል። ንጽጽሩ እምነት ብቻውን ይበቃል የሚለውን አይደግፍም፤ እምነት የሚሠራው ምቹ ሥርዓት ሲያገኝ መሆኑን ያሳያል። ይህን የተረዱ ጤና ጣቢያዎች በየአገሩ ክፍል እናት የወለደችበትን ቀን በገንፎና በቡና ማክበር ጀምረዋል። ገንፎው በቅቤና በበርበሬ ሲቀርብ፣ እንግዳ ሴቶች ሲገቡ፣ እልልታው ሲሰማ ያ ቦታ ለአራሷ ባዕድ መሆኑ ይቀንሳል። ሐኪሙ ሳይንሱን አልለወጠም፤ አራሷም እምነቷን አልለወጠችም።

ሦስተኛው ተቃውሞ ስለ ከተማ ነው። አምቦ ውስጥ ሆስፒታል አለ፣ ባጃጅ አለ፣ አስፋልት አለ፤ እዚህም ክትትል የሚያቋርጥ፣ መድኃኒት የሚተው ሞልቶ የለምን? አለ፤ ይህም የአቋሜ ድንበር ነው። በ2016 በከተማ በተቋም የወለዱት 79 በመቶ፣ በገጠር 20 በመቶ ናቸው። መንገዱ ከተከፈተ በኋላ የቀረውን አንድ አምስተኛ ለመረዳት እምነትን፣ ያለፈ መጥፎ አቀባበልን፣ የአዋላጅን ቁጣ ማየት ግድ ይሆናል። ስለዚህ ንድፈ ሐሳቡ ዋጋ የለውም ማለት ስሕተት ነው፤ ቦታ አለው። ነገሩ በሰዎቹ እጅ በገባበት ልክ የእምነትና የሐሳብ ትንበያ ይበረታል፤ ከእጃቸው በራቀ ልክ ይደክማል። አንድ ዓይነት መጠይቅ ይዞ ከአምቦ ቀበሌ 01 እስከ ጊንደበረት ገደል አፋፍ መሄድ ከዚህ የተነሣ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ስም መለካት ነው።

የማን ሐሳብ?

ንድፈ ሐሳቦቹ ሁሉ የሚቆሙት ብቻዋን በምትወስን አንዲት ሰው ላይ ነው። በምዕራብ ሸዋ ገጠር የመውለጃ ቦታን ውሳኔ ባል፣ አማት፣ የሰፈር የልምድ አዋላጅ፣ አንዳንዴም በሬውን ወይም እህሉን ሸጦ ገንዘብ የሚያወጣው ሽማግሌ ይካፈሉታል። አፎሻው ወይም እድሩ በሽተኛ የሚያጓጉዝበት ደንብ ካለው የሴትየዋ ሐሳብ እግር ያገኛል፤ ከሌለው ያው ሐሳብ ቤት ውስጥ ይቀራል። በአይዘን ሚዛን ይህ «የማከብራቸው ሰዎች ግምት» ተብሎ ይመዘገባል፤ የተመዘገበው ግን ስለ እነርሱ ያላት ግምት እንጂ የእነርሱ ውሳኔ አይደለም። ባልየው በምጡ ሌሊት የሚለውን መጠይቁ አያውቅም።

መለኪያውም የራሱ ችግር አለው። የጤና ባለሙያ ወይም የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ወረቀት ይዞ ቤት ሲመጣ «በጤና ተቋም ለመውለድ አስበዋል?» የሚለው ጥያቄ የሚጠበቀውን ምላሽ አስቀድሞ ይዟል። እንግዳን ማሳፈር ነውር በሆነበት አገር «አዎ» ማለት ጨዋነት ነው። ተደጋግሞ የሚሰማው «እግዚአብሔር ቢፈቅድ» ወይም «ዋቃ ቢፈቅድ» ደግሞ ከአምስቱ ሣጥኖች በየትኛው ይገባል? ቆራጥነት የጎደለው መልስ ተደርጎ ሊቆጠር ይችላል፤ ተናጋሪዋ ግን ነገሩ ሁሉ በእጇ አለመሆኑን በትክክል እየተናገረች ይሆናል።

በ2010 እና በ2011 የተስፋፋው የሴቶች ልማት ቡድን፣ በተለምዶ አንድ ለአምስት የሚባለው፣ ይህን የጋራ ውሳኔ ለመንካት የተሞከረ ሰፊ ሥራ ነው። ደጋፊዎቹ መልእክት በጎረቤት በኩል ሲመጣ እንደሚታመን ይናገራሉ። ተቺዎቹ፣ ከእነርሱም ኬነዝ ሜስን የመሰሉ የሥነ ሰብ ተመራማሪዎች፣ ያለ ክፍያ የሚሠሩት ሴቶች ራሳቸው የድህነትና የጭንቀት ሸክም እንዳለባቸው አሳይተዋል። እኔ በሁለቱ መካከል የማየው ያልተመለሰ ጥያቄ ሌላ ነው፤ በአንድ ለአምስት ግፊት የመጣች እናት ቁርጥ ሐሳቧ ነው ያመጣት ወይስ ስሟ እንዳይነሣባት? ውጤቱ ለጊዜው አንድ ነው። ግፊቱ ሲላላ ግን ልዩነቱ ይወጣል።

ያልተቋጩት

ፋልኮ ስኒሆታና ባልደረቦቹ በ2014 «የታቀደ ባሕርይ» የሚባለው የአይዘን ንድፈ ሐሳብ ጡረታ የሚወጣበት ጊዜ ደርሷል ብለው ጻፉ፤ ልማድን፣ ስሜትንና አካባቢን ይዘነጋል፣ ከሁሉ በላይ ያሰቡ ሰዎች ለምን እንደማያደርጉ አያስረዳም ብለው። አይዘን በ2015 መልሶ፣ ንድፈ ሐሳቡ ሰው እንዴት እንደሚወስን ያስረዳል እንጂ ሰውን መለወጫ መሣሪያ ነኝ አላለም አለ። ሁለቱም ልክ ይመስሉኛል፤ ክርክሩን ያስነሣው ለማብራራት የተሠራን ነገር እንደ ማዘዣ መጠቀማችን ነው።

ለአካባቢው ሁለት ነገር ገና ክፍት ነው። አንደኛው የማቆያ ቤቶች ጉዳይ ነው። በጉራጌ የአጣጥ ሆስፒታል ከ1976 ጀምሮ ለሩቅ እናቶች ማቆያ ቤት አለው፤ የ22 ዓመት መዝገቡን የመረመረና በ2010 የታተመ ጥናት በማቆያው አልፈው በወለዱት የእናቶች ሞት በ100,000 ወደ 90፣ በቀጥታ በመጡት ወደ 1,333 መሆኑን አገኘ። ልዩነቱ አስደናቂ ነው፤ ሆኖም በቀጥታ የመጡት ብዙዎቹ ምጡ ከከፋባቸው በኋላ የመጡ ናቸውና ሁሉን ለማቆያው መስጠት አይቻልም። ማቆያ ቤት ለዚህ ክርክር የሚጠቅመው ሐሳብን ከምጡ ሌሊት አውጥቶ ቀን ወደሚመረጥበት ጊዜ ስለሚያዞረው ነው። ከዚያ ግን ሌላ ዋጋ ይመጣል፤ ቤት ውስጥ የቀሩትን ልጆችና ላም ማን ይይዛቸዋል?

ሁለተኛው የጸጥታው ጉዳይ ነው። ባለፉት ዓመታት በምዕራብ ኦሮሚያ በቀጠለው ግጭት በሌሊት መንገድ መውጣት የሚያስፈራባቸው ቦታዎች አሉ። በ2024 አገሪቱ ከጥር እስከ ጥቅምት ብቻ ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን መዝግባለች፤ የባኮ አካባቢ ቆላም ወባን የሚያውቅ ነው። አጎበር ያልዘረጋን ሰው ስለ እምነቱ ከመጠየቅ በፊት አጎበሩ ደርሶታል ወይ፣ ጸጥታው ፈቅዶለት የኬሚካል ርጭቱ ቡድን ገብቷል ወይ ብሎ መጠየቅ ይቀድማል።

የዚህን ክርክር ቁርጥ ለማወቅ የሚያስፈልገው ጥናት ውድ አይደለም። በጉደር፣ በጌዶና በጀልዱ የሰባት ወር ነፍሰ ጡሮች ቁርጥ ሐሳባቸው፣ የባላቸው ሐሳብ፣ ከመኪና መንገድ ያላቸው ርቀትና የሚሸከማቸው ሰው ስም ይመዝገብ፤ ከዚያም የወለዱበት ቦታ እስኪታወቅ ይጠበቅ። በተቋም ሳይወልዱ የቀሩት ሐሳባቸው የደከመው ከሆኑ ንድፈ ሐሳቡ ልክ ነው፤ ጽኑ ሐሳብ የነበራቸው በርቀት ልክ ከቀሩ ግን ገንዘቡ ከትምህርቱ ወደ መንገዱ ይዙር። ውጤቱ በሁለቱም አቅጣጫ ሊወጣ ይችላል፤ በዚህ ጽሑፍ የተያዘውን አቋም ሊያፈርስም ይችላል።